ጄኔሬተሩና የጉና ውርጭ

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ደብረ ታቦር፣ እናቴ ቤት፣ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ ያልሰማሁትን በግምት እሞላዋለሁ። ስለዚህ እውቀቴ ብል የበላው ነጠላ ይመስል ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ደህና፣ ቀረብ ሲሉት ቀዳዳ በቀዳዳ። ከቀዳዳዎቹ በአንዷ የተነሣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ። ያን ላጫውታችሁ።

ስታቲስቲክስ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላም እጃቸው አላረፈም። ጉና ተራራ ላይ ስለሚለማ ድንች ጥናት ጀምረው ነበርና ቁጥር የሚያገላብጥላቸው ሰው ሲፈልጉ እኔን አስታወሱ።

«ፓይተን ትሞካክሪያለሽ አሉ» አሉኝ።

«እሞካክራለሁ» አልኳቸው። ቪዲዮ እያየሁ ለተማርኩት የፕሮግራም ቋንቋ ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረም።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ጉና ላይ በሁለት ማሳዎች ጥግ የአየር ጠባይ መለኪያ አቁመዋል። አንደኛው ከፍ ባለው ተረተር ላይ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ባለው ረባዳ መሬት ላይ ነው። እያንዳንዱ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ቀጭን ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሳጥን ነው። ብርዱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን በየጥቂት ሰከንዱ ይመዘግባል፤ ለዓመታትም ሳያሰልስ ሲመዘግብ ኖሯል። መምህሬ የሚፈልጉት ውርጭ የወረደባቸውን ሌሊቶች ብቻ ነበር። ውርጩ መቼ እንደሚጀምርና የትኛውን ማሳ ቀድሞ እንደሚመታ ከታወቀ፣ ገበሬው ድንቹን መቼ ተክሎ መቼ ቢያወጣ እንደሚያዋጣው መነጋገር ይቻላል።

ላፕቶፔ የወንድሜ የነበረ፣ ከወንድሜም በፊት የሌላ ሰው የነበረ አሮጌ ነው። እናቴ «ሦስት ባል ያየ» ትለዋለች። የመለኪያዎቹን ፋይል ስከፍትለት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ከዚያ እንደ ጅብራ ተገትሮ ይቀራል። አጥፍቼ ሳበራው ደግሞም ያው ነው። በዚያ ላይ ያን ሰሞን መብራት እየሄደ ሲመጣ፣ እየመጣ ሲሄድ ነበር የከረመው። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ የዕለቱ ዳዊት ተደግሞ እስኪያልቅ እንኳ አይቆይም።

ባሕር ዳር ፕሮግራም እየጻፈች የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለችኝ። የማላውቀውን የምጠይቃት እሷን ነው። «መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ትልቁን ፋይል ስከፍትለት ድርቅ ይላል። ምን ይሻለኛል?» ብዬ መልእክት ላክሁላት።

መልሷ በሁለት ቃል መጣ፦ «ጄኔሬተር ተጠቀሚ።»

እውነትም! አልኩ በልቤ። እንዲህ ቀላሉን ነገር እኔ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ጥልፍ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ጄኔሬተር አላቸው። መብራት በሄደ ቁጥር የጥልፍ ማሽኖቻቸውን የሚያሠሩበት ነው። ሄጄ በር ላይ ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ዛሬ ለከሰዓት ጄኔሬተርዎን ቢያውሱኝ?»

«ምን ሊሠራልሽ?»

ስለ ጉናው ሥራ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሰሙኝ።

«ለድንች ከሆነስ ውሰጂ። እኔም የምበላው የዚያውን የጉናን ድንች ነው። ግን አደራ፣ ስታስነሺው ገመዱን መጀመሪያ ቀስ አርገሽ ሳቢ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ መንጭቂው። ካኮረፈ አይነሣም።»

ጄኔሬተሩን በባጃጅ ጭነን ዳገቱን ወጣን። ግቢያችን ውስጥ አስቀምጬ ገመዱን እንዳሉኝ አድርጌ ብመነጭቀው አኮረፈ። እናቴ ሞከረችው፤ አሁንም አኮረፈ። በመጨረሻ የባጃጁ ሾፌር እጅጌውን ሰብስቦ ሲስበው ግቢውን በጭስና በጩኸት ሞላው። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ።

መብራት በጠፋበት ሰፈር ጄኔሬተር ማስነሣት ደወል እንደ መደወል ነው። ጎረቤት ሁሉ ስልኩንና የስልኩን ገመድ ይዞ መጣ። እናቴ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ችግር አለ!» ትላለች። ወንበር ወጣ፣ አግዳሚ ወጣ፣ ቆሎ ቀረበ። አንዷ ጎረቤታችን ባትሪው የሞተ ሬዲዮ ይዛ መጥታ ሰካችው። እኔ ከመካከላቸው ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ፕሮግራሙን አስጀመርኩ።

ማራገቢያው ጮኸ። ቀስቱ ቆመ። እንደ ጅብራ ተገተረ።

«ምነው?» አለች እናቴ።

«ደረቀ።»

«ነዳጁ ውኃ ገብቶበት ይሆናል» አለች ባለ ሬዲዮዋ። ሾፌሩ ኃይሉ አንሶት እንደሆነ ገመተ፤ ሌላው ስልኮቹ ኃይሉን ተሻሙት አለ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ፣ ሬዲዮዋም ተነቀለች። ጄኔሬተሩ ለእኔ ብቻ እየጮኸ እንደገና ሞከርኩ። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ስክሪኑን ያያል። ደረቀ።

ኔትወርክ ደህና ወደሚይዝበት ኮረብታ ወጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«ያልሽኝን አደረግሁ፤ አሁንም ይደርቃል» አልኳት።

«ጄኔሬተሩን የቱ ጋ አስገባሽው?»

«ግቢ ውስጥ።»

እንደገና ጠየቀችኝ። «የት?»

«ግቢ ውስጥ ነዋ! ቤት ውስጥማ ጭሱ ይገድለናል። መጀመሪያ አልነሣ ብሎኝ ነበር፤ ባለ ባጃጁ ገመዱን ሲስብልኝ ተነሣ።»

በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ኋላ እንደነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከወንበር ተንሸራትታ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ሳቋ ሲያቆም እንደገና ይጀምራል፤ እኔ ካርዴ እያለቀብኝ ኮረብታው ላይ ቆሜ «ምንድን ነው? ምን አልኩሽ?» እላለሁ። ነገሩ ባይገባኝም ሳቋ ተጋብቶብኝ መሳቅ ጀመርኩ። ከብት ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ሲያልፉ አዩኝና «ደስ ያሰኘሽ አምላክ ለኛም ይጨምርልን» ብለው አለፉ።

በኋላ እንባዋን ጠርጋ አስረዳችኝ። በፓይተን ውስጥ ጄኔሬተር የሚባል ነገር አለ። ነዳጅም ገመድም የለውም፤ የፕሮግራም ቁራጭ ነው።

«አሁን ያንቺ ፕሮግራም ምንድን ነው የሚያደርገው?» አለችኝ። «ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሁሉንም መስመር ሊስት በሚባል አንድ ዝርዝር ውስጥ ይከምራል። ሥራ የሚጀምረው ሁሉም ሚሞሪ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እሱ ነው ያደረቀው። ላፕቶፕሽ የዓመታት ብርድ ባንድ ጊዜ የሚሸከምበት ትከሻ የለውም። መብራት ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ እንደሆነ ለማወቅ ሌላውን ሌሊት ሁሉ ማቀፍ ያስፈልግሻል?»

«አያስፈልገኝም።»

«እንግዲያው ሁሉንም ይዞ የሚመለሰውን ሪተርን አውጪው፤ በያንዳንዱ መስመር ላይ ዪልድ የሚባለውን ትእዛዝ አስገቢ። ያኔ ጄኔሬተር ይሆናል። አንድ መስመር ያነብና ይሰጥሻል፣ ከዚያ እዚያው ይቆማል። ሌላ ስትጠይቂው ከቆመበት ይቀጥላል። ካልጠየቅሽው ንቅንቅ አይልም፤ የት እንደቆመ ግን አይረሳም።»

ወደ ቤት ስመለስ ጄኔሬተሩ እየጮኸ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ስልካቸውን መልሰው ሰክተው ጨዋታ ይዘዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። እናቴ መጀመሪያ አፏን ይዛ ቆየች፣ ኋላ በሳቅ መቀመጫ አጣች። ሳቁ ሳይበርድ ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። የተቀየረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። አስጀመርኩት። ማራገቢያው አልጮኸም፤ ቀስቱም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ያ ሦስት ባል ያየ ላፕቶፕ የጉናን ዓመታት አንድ በአንድ እያነሣ፣ አይቶ እያስቀመጠ ሄደ። ፋይሉን ጨርሶ ሲያበቃ ብድግ ብዬ እናቴን አቀፍኳት።

ጄኔሬተሩን ስመልስ ሐጂ «ጠቀመሽ?» አሉኝ።

«ሰፈሩን ጠቅሟል» ብዬ ታሪኩን አጫወትኳቸው። ሥራውን ያጠፋው ምን እንደነበር ግን አልገባቸውምና «ሐጂ፣ ጥልፍ ሲጀምሩ ክሩን በሙሉ ከጥቅሉ ፈትተው መሬት ላይ ይከምሩታል?» አልኳቸው።

«ያላበደ ሰው እንዲያ ያረጋል?»

«እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው። አሁን ማሽንዎ እንደሚስበው ነው የምስበው።»

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንዲህስ ከሆነ ነዳጄን በከንቱ አላቃጠልሽም» አሉ።

በማግስቱ ውጤቱን ይዤ መምህሬ ጋ ሄድኩ። ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ያነበብነው መስመር ብዛት ስንት እንደሆነ በኩራት አሳየኋቸው፤ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ቁጥር ነው። ከሥሩ ደግሞ ውርጭ የወረደባቸው ሌሊቶች ብዛት ተጽፏል፦ ዜሮ።

መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጉና ላይ ውርጭ የለም?»

«የለም ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ እኔ በጥቅምት እዚያ ሳድር ጥርሴ የሚንገጫገጨው ታዲያ በደስታ ነው?»

አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ገና ሳይጨርሱ ይስቁ ነበር። «ቁጭ በይና ፈልጊው» ብለው ሻይ አስመጡልኝ። እዚያው በረንዳ ላይ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። ፋይሉ ደህና ነው፣ የውርጩም ልክ ደህና ነው። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ነው የገባኝ። መጀመሪያ መስመሮቹን ለመቁጠር ብዬ ጄኔሬተሩን እስከ መጨረሻው አስኬጄዋለሁ። ቀጥዬ ያንኑ ጄኔሬተር ውርጭ አለህ ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል። የሰጠውን አያስቀምጥም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ባዶውን ስጠይቀው ባዶ መለሰልኝ። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አልጮኸም።

ሁለቱን ሥራ በአንድ ጉዞ እንዲሠራቸው አደረግሁ፤ መስመሩ በእጄ ሲያልፍ እቆጥረዋለሁ፣ እዚያው ውርጭ እንደሆነም አያለሁ። ውርጭ ሆነው የተገኙትን ሌሊቶች ግን ሊስት ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እነሱ ጥቂት ናቸው፤ ደግሞ ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ፤ ይህን ከዚያ አወዳድራለሁ፣ በወር እደረድራለሁ። ለእንዲህ ያለው ሊስት ይሻላል። ትልቁንና አንዴ አይቼ የማልፈውን ለጄኔሬተር፣ ትንሹንና የምመላለስበትን ለሊስት። ቪዲዮው ተቆራርጦ ያለፈኝን ይህን ትምህርት በመምህሬ ሻይ ተማርኩት።

በዚህ ጊዜ የመጡት ሌሊቶች እውነተኛ ጉናን ይመስሉ ነበር። ረባዳው ማሳ ከተረተሩ ቀድሞ ይመታል፤ ውርጩም ብዙ ጊዜ በጥቅምት ይጀምራል።

እሑድ ከመምህሬ ጋር በሚኒባስ ከተራራው ሥር እስካለችው እስከ ጋሳይ ሄድን። ከዚያ ለእሳቸው በቅሎ ተልኮላቸው ነበር፤ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ላይ ስንደርስ ገበሬዎቹ ከቅዳሴ መልስ በድንጋይ ካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁናል። የረባዳው መለኪያ የቆመው አንዲት ባልቴት ማሳ ላይ ነው። ሳጥኑን ከበግ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ «እንግዳዬ» ነው የሚሉት።

መምህሬ ተናገሩ፤ ረባዳው ቀድሞ ይመታል አሉ። ይህን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከተቀመጠበት ተነሣ። የሱም መሬት ረባዳው ላይ ነው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው! የመሬቴን ስም አጠፉት እኮ። እዚህ ተረተሩም ይመታል፤ እነሱ ስለማይናገሩ ነው።»

የተረተሩ ሰዎች ሳቁ። ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እሳጥኑ ውስጥ ያለው የኛው ብርድ ነው። ምን ይደበቃል? አንድ ባንድ አውጪና አሳዪን።»

ላፕቶፔን ካቡ ላይ አስቀመጥኩ። ባትሪው እንደማያቆየኝ አውቃለሁ። በቀድሞው መንገድ ቢሆን ሁሉን እስኪከምር ድረስ ባዶ ስክሪን እያየን ባትሪው ባለቀ ነበር። አሁን ግን ከዓመታቱ መጀመሪያ ተነሥቶ ውርጭ ባገኘ ቁጥር ወዲያው ይሰጠኛል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ መስመር ጨምሬበት ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

«ጥቅምት ዐሥራ ሦስት፣ ረባዳው።»

«የሚካኤል ማግስት!» አለ አንዱ። «አወቅኋት፣ ድንቹ ቅጠሉ ጥቁር ብሎ ያደረባት ናት።»

«ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ ረባዳው።»

«አማኑኤል!» አሉ ባልቴቷ እጃቸውን አጨብጭበው። «ባቄላዬን ያቃጠለችው! ባንድ ሌሊት እሳት የላሰው አስመስላው ሄደች።»

«ኅዳር ስድስት፣ ረባዳውም ተረተሩም።»

«ቁስቋም! ቁስቋም!» ከየአቅጣጫው ጮኹ። አንድ ሽማግሌ ያን ሌሊት ገብስ ሲጠብቁ አድረው ጺማቸው ላይ በረዶ እንደጋገረ ተናገሩ፤ ሚስታቸው ደግሞ «የጋገረውስ ጺምዎ ላይ ሳይሆን ጋቢዎ ላይ ነው» ብለው አረሟቸው። ከዚያ በኋላ ማንበቤን ትተን ተጫወትን ማለት ይሻላል። አንድ ሌሊት አወጣለሁ፣ ሰዎቹ ያች ሌሊት የማንን ምን እንዳደረገች ይጨዋወታሉ፣ ተከራክረው ሲያበቁ ባልቴቷ «ቀጥዪ» ይሉኛል። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ፕሮግራሙ ከቆመበት ይነሣል። እነሱ እስኪጨርሱ ሌሊቶቹ ሁሉ ሳይቸኩሉ ፋይሉ ውስጥ ይጠብቃሉ።

ረባዳው በተደጋገመ ቁጥር ያ ጎልማሳ ገበሬ ቀስ በቀስ ወደ መቀመጫው ዝቅ አለ። በመጨረሻ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ይብቃሽ፣ ይብቃሽ፣ ተረታሁ! ያባቴ መሬት እንደሆነች ተዋርዳለች።»

አስቆምኩት። ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር፤ ግን የሚፈለገው ተገኝቷል፤ ያልተጠየቀውን ማንበብ ምን ያደርጋል? ባትሪዬም በዚያው ተረፈችልኝ።

ከዚያ ወሬው ወደ ቁም ነገር ዞረ። መምህሬ ቶሎ የሚደርስ የድንች ዘር ስለ ማግኘት ተናገሩ። የረባዳው ሰዎች ከፍ ካሉት ቀደም ብለው ተክለው በመስቀል ሰሞን ሊያወጡት ተስማሙ። ጎልማሳው ገበሬ ግን ግማሹን ማሳ እንደ ልማዱ ሊተክል ወሰነ። «ሙሉ በሙሉማ አልሸነፍም» አለ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት መምህሬና እኔ እንደገና ወጣን። ውርጩ ወርዶ ነበር። የባልቴቷ ድንች ግን ከመሬት ከወጣ ቆይቷል፤ ጎተራቸው ጥግ ገለባ ለብሶ ተከምሯል። ጎልማሳው ገበሬ ከሩቅ አየንና እየሳቀ መጣ። ቶሎ የተከለው ግማሽ ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ የተከለው ግማሽ ቅጠሉ ጠቁሯል። «ግማሽ ሰው ነኝ ዘንድሮ» አለን።

ባልቴቷ ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከነዳጣው አቀረቡልን። ልጣጩን በጥፍሬ ስገፍ አጠገቤ ተቀመጡና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ውርጩንስ አወቅነው። ሐምሌ ላይ የሚወርደውን በረዶ ደግሞ መቼ ነው የምታሳዪኝ? ገብሴን የሚያወድመው እሱ ነው።»

«እናቴ፣ ሳጥኑ እኮ በረዶ አይለካም።»

«ኧረ?» አሉና ወደ ማሳው፣ ወደ ነጩ ሳጥን ዘወር ብለው ቅር ባለው ዓይን አዩት። «ምን ሲሠራ ነው ታዲያ ክረምቱን እዚያ የሚቆመው? በሉ በረዶ የሚያውቅ ሌላ አምጡ፤ ቦታ እንደሆን አለ።»

መምህሬ ድንች አፋቸውን ሞልቶት መሳቅ አቃታቸው። እኔ ሁለተኛ ድንች አነሣሁ።